መብራት ጠፋ ማለት ማሽኑ ተዘጋ ማለት አይደለም

ታኅሣሥ 19

ትናንት ሌሊት ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ መብራት ጠፋ። የምሠራው አዳማ አካባቢ ባለ የዱቄት ፋብሪካ፣ ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። ኤሌክትሪሺያን ነኝ። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ስክሩ ኮንቬየር (ብሎን በሚመስል በሚዞር ዘንግ ዱቄት የሚያጓጉዘው ማሽን) ከማታ ጀምሮ ዱቄት እየተጠቀጠቀበት ሲያስቸግር ነበር ያመሸው። ኦፕሬተሩ ልጅ «መብራት እስኪመጣ ላጽዳው» ብሎ ክዳኑን ከፈተና እጁን ከተተ።

ጀነሬተራችን ራሱ ነው የሚነሳው። ከመንግሥት መብራት ወደ ጀነሬተር የሚያዞረውም ኦቶማቲክ ነው። 15 ሰከንድ ቢፈጅ ነው። ስክሩ ዞረ።

የያዘው የጓንቱን ጫፍ ነበር። ጓንቱ ለልጁ ሰፊ ስለነበር ከእጁ ወልቆ ገባ፤ እጁ ለጥቂት ተረፈ። ተመስገን ነው። ዛሬ ጠዋት ጓንቱን ከውስጥ አወጣሁት። ሦስት ቦታ ተተርትሯል። ሁለቱ ጣቶች ከነስፌታቸው የሉም። አሁን ይህን ስጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ ነው ያለው፣ ዱቄቱ እንኳ አልተራገፈም።

ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ማሽኑ ለምን በራሱ ተነሳ? መነሳት አልነበረበትም። ጀምር በሚል በተን የሚነሳ ሞተር መብራት ሲጠፋ ኮንታክተሩ (ለሞተሩ ኃይል የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው መሣሪያ) ይለቃል። መብራት ቢመለስ ሰው ድጋሚ በተኑን ካልተጫነ አይነሳም። ፓነሉን ከፍቼ ሳይ ነገሩ ገባኝ። በተኑ አንድ ጊዜ ተቃጥሎ ኖሮ በምትኩ ዞሮ የሚቀር ማብሪያ ማጥፊያ ተገጥሞበታል። ማብሪያው «1» ላይ እንደቆመ ነው። ስለዚህ መብራት በመጣ ቁጥር ስክሩ ማንንም ሳይጠይቅ ይነሳል። እኔ በዚያ ፓነል ፊት ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ እግዜር ይወቀው። አንድም ቀን አላየሁትም።

ማብሪያውን ዛሬውኑ አውጥቼ በተን መለስኩበት። ይህ ግን አንድ ማሽን ነው። የእኛ ሰዎች «መብራት ሄዷል» ሲባል እጃቸውን መክተት ለምደዋል። መብራት የሄደው ደግሞ ሊመለስ ነው የሄደው።

ታኅሣሥ 22

ሥራ አስኪያጃችን ጋ ጓንቱን ይዤ ገባሁ። ምንም ሳልናገር ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት።

«ይኼ ምንድነው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «ልጁ ደህና ነው?» አሉ። ደህና ነው አልኩ። «ምን እናድርግ ታዲያ?»

ሎክአውት ታግአውት የሚባለውን አሠራር አስረዳኋቸው። ባጭሩ ሎቶ ይሉታል። ማሽን ውስጥ እጁን የሚከት ሰው መጀመሪያ የማሽኑን ኃይል ከምንጩ ይዘጋል። የዘጋበት ላይ የራሱን ጓጉንቸር ይቆልፋል። ስሙ ያለበትን ታግ፣ ማለትም የማስጠንቀቂያ ካርድ፣ ያንጠለጥላል። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ይሆናል። እሱ ራሱ ሳይከፍት ማንም አያስነሳውም። ነገሩ ይኸው ነው።

የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ኦሻ ይህን ደንብ አድርጎ ያወጣው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። ቁጥሩ 1910.147 ይባላል። ደንቡ ሲከበር በዓመት ወደ 120 ሞትና 50,000 ጉዳት ይቀራል ብሎ ራሱ ይገምታል። እኛን የሚያስገድደን ኦሻ አይደለም። የራሳችን የሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን በአንቀጽ 92 የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት መጠበቅን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል። ሁለቱንም አሳየኋቸው። እንደሚመስለኝ የሠራው ግን ጓንቱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ነገርኳቸው። ከዚህ በፊት በሠራሁበት ቦታ አንድ ጓደኛዬ ማደባለቂያ ውስጥ ሁለት ጣቱን አጥቷል። ብሬከሩን አጥፍቶ ነበር የገባው። ሌላ ሰው መጥቶ «ማነው ያጠፋው?» ብሎ መለሰው። ያ ሰው ክፉ አልነበረም። ብሬከር ወርዶ አየ፣ መለሰ። የሚከለክለው ቁልፍ አልነበረም፤ የሚነግረው ወረቀትም አልነበረም።

ለጠየቅኩት ገንዘብ ግማሹን ፈቀዱልኝ። ቀሪውን ከጥምቀት በኋላ እናያለን አሉ። በግማሹ እጀምራለሁ።

ጥር 4

መርካቶ ሄጄ 24 ቀይ ጓጉንቸር ገዛሁ። ቀይ የሆነው ሆን ብዬ ነው። በፋብሪካው ውስጥ ቀይ ጓጉንቸር ከዛሬ ጀምሮ አንድ ትርጉም ብቻ ይኖረዋል፣ «ሰው ውስጥ አለ»። ለመጋዘን፣ ለሎከር፣ ለብስክሌት አይውልም።

ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ የእያንዳንዱን ቁልፍ በሁሉም ጓጉንቸሮች ላይ ሞከርኩ። ባለቤቴ «ምን ነካህ?» አለችኝ። አንድ ቁልፍ በ23 ጓጉንቸር፣ 24 ጊዜ። 552 ሙከራ ነው። ርካሽ ጓጉንቸር የጥርሱ ዓይነት ጥቂት ስለሆነ የአንዱ ቁልፍ ሌላውን የሚከፍትበት ጊዜ አለ ሲባል ሰምቼ ነበር። እውነት ነው። 7 ቁጥርና 19 ቁጥር እርስ በርስ ይከፋፈታሉ። 11 ቁጥርን ደግሞ የ3 ቁጥር ቁልፍ ትንሽ ገፋ ሲያደርጉት ይከፍተዋል። ሦስቱን አስወጣሁ። ነገ እመልሳቸዋለሁ።

እነዚያ ሦስቱ ሳይታወቁ ቢገቡ ኖሮ ሰው ተማምኖ ይገባ ነበር። ተማምኖ መግባት ደግሞ ፈርቶ ከመግባት ይብሳል።

እያንዳንዱ ጓጉንቸር ከሦስት ቁልፍ ጋር ነው የመጣው። ትርፎቹን ቢሮ ይቀመጡ ያለኝ ሰው አለ። እኔ አልተስማማሁም። ትርፍ ቁልፍ ካለ አንድ ቀን ቸኩሎ የሚከፍት አይጠፋም። አንዷን አስቀርቼ ሁለት ሁለቱን በግራይንደር ፈጨኋቸው። የጠፋበት ሰው ካለ ጓጉንቸሩ በመቁረጫ ይቆረጣል። ጓጉንቸር በሌላ ጓጉንቸር ይተካል።

ጥር 12

ትናንትና ዛሬ ፋብሪካው ቆሟል፣ ጥምቀትና ሚካኤል ነው። እኔና ጋሼ ገብተን ስንሠራ ዋልን። ጋሼ የምንለው ዋናው መካኒካችን ነው፤ በዕድሜም በሙያም አባታችን ነው። ታቦት ሸኝቶ ነጠላውን አጣጥፎ መጣልኝ።

ሥራችን ለእያንዳንዱ ማሽን ኃይል ከየት ከየት እንደሚገባበት መጻፍ ነው። ቀላል መስሎን ነበር።

መጀመሪያ ዋናውን ፓነል ያዝን። 31 ብሬከር አለው። አንድ በአንድ እያወረድን፣ ጋሼ ላይ ሆኖ የማሽኑን በተን ይጫናል፣ በስልክ እንነጋገራለን። «ኤሌቬተር 2» የሚለውን አወረድኩ። ኤሌቬተር የምንለው ስንዴ በባልዲ ወደ ላይ የሚያወጣውን ማሽን ነው።

«ጫን ጋሼ።»

«ተጫንኩ።»

«ቆሟል?»

«የምን መቆም ልጄ፣ እየዞረ ነው!»

ጽሑፉ ተሳስቷል። «ኤሌቬተር 2» የሚለው ኤሌቬተር 3ን ነው የሚያጠፋው። በድምሩ አራት የተሳሳተ ጽሑፍ አገኘን። እስከ ዛሬ ኤሌቬተር 2ን የጠገነ ሁሉ ትክክለኛውን ብሬከር ያወረደ እየመሰለው ሌላውን ነው ያወረደው። እስካሁን ያተረፈን በተኑን የሚጫን ሰው አለመኖሩ ብቻ ነው።

ከኤሌክትሪኩ ይልቅ ጊዜ የወሰደብን የተጠራቀመው ኃይል ነው። ሮለር ሚሉ (ስንዴውን በጥቅሎች መካከል የሚፈጨው ማሽን) ሲጠፋ ጥቅሎቹን የሚገፋው ሲሊንደር ውስጥ አየር ይቀራል። ጌጁ 6 ባር ይላል። የአየሩ ቫልቭ ተዘግቶ ካልተነፈሰ ጥቅሎቹ ሰው እጁ ውስጥ እያለ ሊገጥሙ ይችላሉ። ፕላንሲፍተሩ፣ ማለትም ዱቄቱን የሚነፋው ትልቁ ወንፊት፣ ሞተሩ ጠፍቶም እስኪቆም ድረስ ይወዛወዛል፣ ያን የሚያህል ክብደት ነው። ባለ ባልዲው ኤሌቬተር ደግሞ በአንድ በኩል ያሉት ባልዲዎች ስንዴ ሞልተው ሌላው ባዶ ከሆነ፣ ቀበቶው ወደኋላ መሮጥ ይፈልጋል። ወደኋላ እንዳይዞር የሚይዘው ነገር አለው፣ ግን አርጅቷል። ጋሼ ባልዲውን በእጁ ገፋ አድርጎ አሳየኝ፤ አንድ ስንዝር ያህል ወደኋላ ሄደ። ለሁሉም ኤሌቬተር በዘንጉ በኩል የሚገባ ወፍራም ፒን እንሠራለን ብለን ጻፍን።

የነፋሱ ሞተር ኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር መሣሪያ) አለው። አጠፋሁትና ስክሪኑ እስኪጨልም ጠበቅኩ። ወዲያው ስለካው ውስጡ 510 ቮልት ዲሲ ነበር። ስክሪኑ ጨልሟል፣ ውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተር ግን አልሞተም። ከአምስት ደቂቃ በኋላ 38 ሆነ። በሩ ላይ «አጥፍተህ 10 ደቂቃ ጠብቅ፣ ከዚያ ለካ» ብዬ በትልቁ ጻፍኩበት።

ጥር 20

ጋሼ ተቃወመኝ። ጥሩ ተቃውሞ ነው የተቃወመው።

«ልጄ፣ ፓነሉ ምድር ቤት ነው። ስክሩ አራተኛ ፎቅ ነው። በአንድ ሺፍት ስምንት ጊዜ ይደፈናል። ኦፕሬተሩ ስምንት ጊዜ ወርዶ ስምንት ጊዜ ይወጣል ብለህ ነው? አንድ ጊዜ ይወርድልሃል። ሁለተኛውን አይወርድም።»

እውነቱን ነው። ሰው የማይፈጽመው ሕግ ማውጣት ሥራ አይደለም። ቁጭ ብለን ሁለት ነገር ወሰንን።

አንደኛው፣ ብዙ ጊዜ ለሚደፈኑት ስድስት ማሽኖች አጠገባቸው አይሶሌተር ይገጠማል። እጀታው ሲጠፋ ጓጉንቸር የሚገባበት ቀዳዳ ያለው ነው። ሞተሩን በቀጥታ ይቆርጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቀዩ ኢመርጀንሲ ስቶፕ መዝጊያ አይደለም። እሱ የሚያቆመው የኮንትሮሉን ሽቦ ነው። ኮንታክተሩ ተጣብቆ ከቀረ ማሽኑ ላይቆም ይችላል፤ ሰው ነቅሎ ከመለሰውም ሊነሳ ይችላል። ኢመርጀንሲ ስቶፕ ተጭኖ እጅ መክተት አይቻልም።

ሁለተኛው የጋሼ ሐሳብ ነው። ስክሩ ለምንድነው ስምንት ጊዜ የሚደፈነው? ወጥቶ አየው። መውጫው ላይ ያለው ቱቦ ውስጡ ተጣሞ ዱቄት ይይዛል። ቀየረው። በማግሥቱ ስክሩ በአንድ ሺፍት ሁለት ጊዜ ብቻ ተደፈነ። ስድስት ጊዜ እጅ መክተት ቀረ ማለት ነው፣ ያለ ምንም ጓጉንቸር። ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር።

የብሬከር ማያዣ፣ ብሬከሩን እንደወረደ ይዞ ጓጉንቸር የሚገባበትን፣ በጨርቅም በሽቦም አስሮ መሥራት እንደሚቻል የነገሩኝ አሉ። አላደርገውም። በእጅ ተስቦ የሚወጣ ማያዣ ያው ጌጥ ነው።

ጥር 28

ሥልጠናው ዛሬ ነበር፣ በሁለት ዙር። ታጉን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አሳትመን ላሚኔት አስደርገናል። «አትንኩ፣ ሰው እየሠራ ነው» ይላል። ከሥር ስም፣ ክፍል፣ ስልክ፣ ቀን። ማንበብ የማይችሉም ስላሉ የባለቤቱ ፎቶ ተለጥፎበታል። ፎቶው ይበልጥ ይሠራል መሰለኝ። የምታውቀውን ሰው ፊት እያየህ ብሬከር መመለስ ይከብዳል።

ንግግሬን አሳጥሬ ስክሩ ጋ ወስጃቸው ሠርተን አሳየን። ለሺፍቱ ሰዎች ተናገር። ማሽኑን እንደወትሮው አቁም። አይሶሌተሩን አጥፋ። ቆልፍ፣ ታግ አንጠልጥል። የተጠራቀመውን አስወጣ፣ አየሩን፣ ክብደቱን። ከዚያ ሞክር።

«ሞክር» የሚለው ላይ ቆየሁ። ከቆለፍክ በኋላ በተኑን ተጫን። ካልተነሳ በተኑን ወደ ቦታው መልስ። ኤሌክትሪክ የሚነካ ከሆነ ደግሞ በቴስተር ይለካል። ቴስተሩ መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ባለበት ቦታ ይሞከራል፣ ከዚያ የዘጋነው ይለካል፣ ከዚያ እንደገና ባለበት ይሞከራል። ባትሪው የሞተ ቴስተር ሁልጊዜ «የለም» ነው የሚለው። የጥር 12ቱን የኤሌቬተር 2 ታሪክ ነገርኳቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ቁልፍ ማደል ጀመርኩ። ለመካኒክ፣ ለኤሌክትሪሺያን፣ ለኦፕሬተር። ስጨርስ ከጽዳት ክፍል የምትሠራ አንዲት እናት፣ ሁላችን እትዬ የምንላት፣ እጇን አነሳች።

«ለእኔስ?»

«እትዬ፣ እናንተ እኮ ማሽን አትጠግኑም» አልኳት።

«ልጄ፣ እኔ እኮ በየቀኑ ሲፍተሩ ሥር ገብቼ ነው የምጠርገው። ኤሌቬተሩን ሥሩን ከፍቼ ትርፉን የማወጣው እኔ ነኝ። እናንተ በወር አንዴ ትገባላችሁ።»

መልስ አልነበረኝም። ዝርዝሬን ስሠራ የጻፍኩት ማሽን የሚፈቱ ሰዎችን ነበር። እጃቸው በየቀኑ ውስጥ የሚገባውን አልጻፍኩም። ኦሻም ቢሆን ማጽዳትንና የተደፈነ ማስለቀቅን ከጥገና ጋር ነው የሚቆጥረው፤ አንብቤው አልፌዋለሁ። 14 ቁጥርን ሰጠኋት። ለቀሩት አራት የጽዳት ሠራተኞችም ነገ ይገዛል። እትዬ ቁልፏን በክር አድርጋ ከማተቧ ጎን አንጠለጠለችው።

የካቲት 9

ጥሩ ሳምንት ነው። ሮለር ሚል 3 ተፈቶ ነበር፣ አምስት ሰው ሠራበት። ባለ ስድስት ቀዳዳ ማያዣው ላይ አምስት ቀይ ጓጉንቸር ተደርድሮ ሳየው ደስ አለኝ። ሥራው ሲያልቅ አራቱ ወጡ፣ አንዱ ቀረ። የሺፍት ኃላፊው «ጨርሰዋል እኮ» አለ። አልጨረሱም ነበር። ብየዳ የሚሠራው ልጅ ከጀርባ ሆኖ መሣሪያውን እየለቀመ ነበር።

የካቲት 16

ሲፍተር 1 ላይ አንድ ጓጉንቸር ተረስቶ ቀረ። ባለቤቱ ሺፍቱን ጨርሶ ወጥቷል። ምርት ቆሟል። የሺፍት ኃላፊው መቁረጫ ይዞ መጣ። አስቆምኩት።

ለዚህ ወረቀት ጽፈናል። መጀመሪያ ሰውየው ግቢ ውስጥ አለመኖሩ ይረጋገጣል፣ በፈረቃ መዝገብም በዓይንም። ቀጥሎ ይደወልለታል። ካልተገኘና መቆረጡ ግድ ከሆነ ኃላፊው ፈርሞ ይቆርጣል። ሰውየው ተመልሶ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጓጉንቸርህ ተቆርጧል ተብሎ ይነገረዋል። ይህ የመጨረሻው ነገር ትንሽ ይመስላል። ጓጉንቸሩ እዚያው አለ ብሎ አምኖ በማግሥቱ በቀጥታ እጁን ቢከትስ?

ደወልን። ቤቱ ደርሶ ምሳ ቀርቦለታል። «መጣሁ» አለ። በባጃጅ ተመልሶ መጣ፣ 40 ደቂቃ ፈጀ። 40 ደቂቃ ምርት ቆመ። አንዳንዱ አጉረመረመ፤ ይገባኛል። ሥራ አስኪያጁ ወርደው የሆነውን ሰሙ። ልጁን አልተቆጡትም። «ጎሽ፣ ስለመጣህ» አሉት። ከዚያ በኋላ ቀሪውን ገንዘብ ፈቀዱልኝ።

መጋቢት 2

ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። እኔ ተረኛ ነበርኩ። የእጅ ባትሪ ይዤ ወደ አራተኛ ፎቅ ሮጥኩ፤ ልማድ ሆኖብኛል።

ያ ጓንቱ የተወሰደበት ልጅ ስክሩ ጋ ነው። ክዳኑ ክፍት ነው። ልቤ ዘለለ። ባትሪዬን ወደ አይሶሌተሩ አዞርኩት። እጀታው ወርዷል፣ ሁለት ቀይ ጓጉንቸር አለበት፣ የእሱና 14 ቁጥር። የሁለቱም ፎቶ ተንጠልጥሏል። እትዬ ከወዲያ በኩል ቁጭ ብላ ዱቄቱን በማንኪያ ታወጣለች።

«መብራት ሳይጠፋ ነው የቆለፍነው» አለኝ ልጁ፣ ሳልጠይቀው።

ጀነሬተሩ ከታች ተነሳ። ሲፍተሮቹ መወዛወዝ ጀመሩ፣ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ስክሩ አልነቃነቀም። እትዬ ቀና ብላ እንኳ አላየችም። የመጨረሻዋን ማንኪያ አውጥታ ክዳኑን ገጠሙት፣ ከአንገቷ ቁልፏን አወጣች።

መጋቢት 5

ኤሌቬተር 1፣ 2 እና 3 ፒናቸው ገብቷል። ኤሌቬተር 4 ገና ነው፤ የዘንጉ ቀዳዳ ከሌሎቹ ስለሚጠብ ጋሼ ፒኑን እንደገና ይቀርጸዋል። እስከዚያ ድረስ የኤሌቬተር 4 የታች በር በ22 ቁጥር ተቆልፏል፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ባልዲዎቹ ባዶ መሆናቸው ሳይረጋገጥ አይከፈትም። የመጀመሪያውን የአሠራር ፍተሻ ሰኔ ውስጥ እናደርጋለን። የሚፈትሸው ሰው ከእኛ ክፍል ውጭ ይሁን ብያለሁ። እትዬን ጠይቄያታለሁ። «ካስተማራችሁኝ» አለች።